ልጄ ለትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ቪዮላ መረጠች፤ ከየት እንጀምር?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ጠያቂ)፣ አሜሪካ፣ መስከረም 6

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ወላጆች። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ወረቀት፣ የፈለጉ ልጆች በትምህርት ቤቱ የአውታር መሣሪያዎች ኦርኬስትራ ሊመዘገቡ እንደሚችሉ፣ ከቫዮሊን፣ ከቪዮላ፣ ከቼሎና ከቤዝ አንዱን መምረጥ እንዳለባቸው፣ መሣሪያውን ግን ወላጅ ተከራይቶ ወይም ገዝቶ ማቅረብ እንደሚገባው ይገልጻል። የሙዚቃ መምህሩ አራቱንም መሣሪያ ክፍላቸው ድረስ አምጥቶ እየተጫወተ አሳይቷቸው ኖሯል፤ ስለዚህ ልጅቷ ወረቀቱን ከቦርሳዋ ሳታወጣ በፊት ውሳኔዋን ነገረችኝ፦ «እማዬ፣ የእኔ ቪዮላ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ቪዮላ የሚባል መሣሪያ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ በበኩሉ «ቫዮሊን እያለላት ማንም ስሙን የማያውቀውን ለምን ትይዛለች?» ብሎ ተከራከረ። ሁለታችንም ያደግነው ጎንደር ነው፤ በሠርግ ቤት መሲንቆ፣ በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ስንሰማ አደግን እንጂ ኖታ የሚባለውን ነገር ማንበብ ቀርቶ ቀርበን አላየነውም። ቤታችን የኪራይ አፓርታማ ነው፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ ልጆቹ ኳስ ሲያነጥሩ እንኳ ወለሉን ይመቱብናል።

እንግዲህ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ የምፈልገው ይህን ነው። ቫዮሊን እንድትይዝ ብንገፋፋት ይሻላል ወይስ የመረጠችውን እንተውላት? በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠውን ብንገዛ ምን ችግር አለው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እኛ ምንም የማናውቅ ወላጆች ቤት ውስጥ እንዴት ልናግዛት እንችላለን? ምዝገባው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል።

የቫዮሊኒስት አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ መስከረም 6

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልጄ በዚህ ዓመት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ሊሠራ የሚችል ስሕተት ሁሉ በእኛ ቤት ተሠርቷልና፣ እርስዎ እንዳይደግሙት በዝርዝር ልጻፍልዎት።

የመጀመሪያው ስሕተት ግዢው ነበር። የአራት ወር የመሣሪያ ኪራይ በማይሞላ ዋጋ ሳጥኑም፣ ደጋኑም፣ የደጋኑ ጸጉር የሚቀባው ሙጫም ተሟልቶ የሚመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቀይ ቫዮሊን ከኢንተርኔት አዘዝኩ። ከዚያም የበለጠ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ ለልጅ ጫማ ስንገዛ «ያድግበታል» እንደምንለው ሁሉ፣ ሙሉ የአዋቂ መጠን የሆነውን መረጥኩ። የስምንት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነው! ክንዱን ዘርግቶ የመሣሪያውን ጫፍ ለመያዝ ሲታገል፣ ቫዮሊኑ ከትከሻው እየወረደ ሆዱ ላይ ይደርስ ነበር። የአውታሮቹ መቃኛዎች ደግሞ አልይዝ አሉ፤ ማታ ያስተካከልነው ድምፅ ጠዋት ሲነሣ ወርዶ ይገኛል። በሁለተኛው ሳምንት መምህሯ፣ በዚህ መሣሪያ ልጁን ማስተማር እንደማትችል በትሕትና ጽፋ ላከችልኝ። ወደ ጥገና ባለሙያ ይዤ ብሄድ ሰውየው አገላብጦ አየውና፣ መቃኛዎቹን ለመግጠምና አውታሮቹ የሚያርፉበትን እንጨት ለመቀየር የሚያስከፍለኝ ዋጋ ከቫዮሊኑ ዋጋ እንደሚበልጥ ነገረኝ።

አሁን መሣሪያውን ከሱቅ ተከራይተን የምከፍለው በወር 24 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ መጠነኛ የመድን ክፍያ ስላለበት፣ አውታር ቢበጠስ ወይም ልጁ ወድቆ ቢሰብረው በራሳቸው ወጪ ያስተካክሉታል፤ ክንዱ ሲረዝም ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተለቅ ባለው ይለውጡልናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀይረናል። የከፈልነው ኪራይ ከፊሉ ወደፊት ሙሉ መጠን ያለውን ስንገዛ ይታሰብልናል። ውሉን ሲፈርሙ እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም መድኑን፣ የመጠን ለውጡንና ለግዢ የሚታሰበውን ገንዘብ፣ በጽሑፍ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፣ ቢያስቅም። የተከራየነውን ቫዮሊን ቤት አምጥተን ልጁ ደጋኑን ቢስበው፣ ቢስበው ምንም ድምፅ የለም፤ ጸጉሩ አውታሩ ላይ በረዶ ላይ እንዳለ እግር ይንሸራተታል። «ይኸኛውም የተበላሸ ነው» ብዬ በማግሥቱ በቁጣ ይዤው ሄድኩ። የሱቁ ሰው ከሳጥኑ ውስጥ አዲሱን ሙጫ አወጣ፤ ገና ማንም ያልነካው፣ እንደ ከረሜላ የሚያንጸባርቅ ነበር። ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ፈገፈገው፣ ነጭ ብናኝ እስኪያወጣ ድረስ፤ ከዚያ የደጋኑን ጸጉር ከጫፍ እስከ ጫፍ እያመላለሰ ቀባውና ቫዮሊኑን ለልጁ ሰጠው። ድምፁ ሱቁን ሞላው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በያሬድ የተማረች፣ የአውታር መምህርት፣ ቨርጂኒያ፣ መስከረም 7

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ዋናውን ነገር ተናግረውልኛል። እኔ አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የተማርኩ ስሆን፣ አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አስተምራለሁ። በየመስከረሙ ይህንኑ ጥያቄ ስለምመልስ፣ ትንሽ ረዘም ብል ይቅርታ ይደረግልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቪዮላው። ቪዮላ የቫዮሊን ታላቅ እህት ናት ቢባል ያስኬዳል፤ አያያዟም አጨዋወቷም አንድ ነው፣ በትከሻና በአገጭ መካከል ይያዛል፤ ነገር ግን አካሏ ሰፋ፣ ድምፅዋም ወፈር ይላል። የቫዮሊን አራት አውታሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ በሚባሉ ድምፆች ይቃኛሉ። የቪዮላው ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ናቸው፤ ማለትም ቀጭኗ የኢ አውታር የለችም፣ በምትኩ ከታች ወፍራም ሲ ተጨምሯል። ቼሎም እንደ ቪዮላው ተቃኝቶ በአንድ ኦክታቭ (በስምንት ድምፅ ርቀት) ዝቅ ይላል። ቤዙ ብቻ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ሆኖ በአራት በአራት ድምፅ ርቀት ይቃኛል።

እነዚህን ፊደላት ስታነቡ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፦ ዲ እና ኤ በአራቱም መሣሪያዎች ላይ አሉ። የመጀመሪያው ዓመት የክፍል ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ አውታሮች ላይ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ቫዮሊን የያዘችውም ቤዝ የያዘውም ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዜማ አብረው ሊጫወቱ የሚችሉት ዲ እና ኤን ስለሚጋሩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ልጅዎ ቪዮላ በመያዟ ከቫዮሊኖቹ ወደ ኋላ አትቀርም። ለአባቷ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ በየዓመቱ ሃያ ልጅ ቫዮሊን ሲመርጥ ቪዮላ የሚመርጡት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ልጆቹ ከፍ ወዳለ ክፍል በገቡ ቁጥር የኦርኬስትራ መምህራን ቪዮላ ተጫዋች በመብራት ይፈልጋሉ። እርግጥ ነው የቪዮላ ኖታ የሚጻፈው በአልቶ ቁልፍ (ቁልፍ የሚባለው በመስመሮቹ ላይ የትኛው ድምፅ የት እንደሚጻፍ የሚያመለክተው ምልክት ነው) ስለሆነ በኋላ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን ብትሞክር ሌላ ቁልፍ ማንበብ ይጠበቅባታል፤ ይህም ሁለተኛ ቋንቋ እንደ መልመድ ነው፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ለእሱ አዲስ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ግን ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ራሷ መርጣዋለች። ይህን የሚተካ ነገር የለም።

ስለ መጠን። የቫዮሊን መጠን በክፍልፋይ ይጠራል፤ 1/4፣ 1/2፣ 3/4 እያለ ሙሉ ይደርሳል። የቪዮላ መጠን ግን በአካሉ ርዝመት በኢንች ይቆጠራል፤ 12 ኢንቹ ከ1/2 ቫዮሊን፣ 13ቱ ከ3/4፣ 14ቱ ከሙሉ ቫዮሊን ጋር ተቀራራቢ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 13 ይበቃታል፤ ዕድሜዋን ነግራችሁ ብቻ ግን አትዘዙ። ግራ እጇን ወደ ጎን ቀጥ አድርጋ ትዘርጋ፣ ከአንገቷ እስከ መዳፏ መካከል ባለሙያ ይለካት። መሣሪያው ትከሻዋ ላይ ሆኖ የግራ ጣቶቿ ክርኗ በመጠኑ እንደታጠፈ የመሣሪያውን ራስ መጨበጥ ከቻሉ ልኳ ነው። ክንዷ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ከሆነ ይበዛባታል፤ በሁለት መጠኖች መካከል ከሆነች ትንሹን ውሰዱላት። ትልቅ መሣሪያ የእጅ አንጓን ያሳምማል፤ ሕመሙን ደግሞ ልጆቹ በአፋቸው አይናገሩትም፣ መሣሪያውን ከሳጥኑ ማውጣት በመጥላት ይገልጹታል።

አሁን «እኛ ምንም አናውቅም» ወደሚለው ልምጣ። ጃፓናዊው መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በመስማትና በመደጋገም እንደሚለምዱት ሙዚቃንም በዚያው መንገድ መማር ይችላሉ ብሎ ሲነሣ፣ ወላጁ ከልጁ ጋር በትምህርቱ ላይ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር። የትምህርት ቤት ኦርኬስትራ የሱዙኪ ትምህርት አይደለም፤ ኖታ ቶሎ ይጀመራል፣ ትምህርቱም በቡድን ነው። ያም ሆኖ የወላጁ መገኘት ያው ዋጋ አለው፣ ለዚህም ኖታ ማወቅ አያስፈልግም። እርስዎ ወጥ እየሠሩ ልጅቷ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ትጫወት። ደጋኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድና ሲጣመም በዓይን ይታያል፤ አውራ ጣቷ ታጥፎ ወይም ተገትሮ እንደሆነ ይታያል፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቶ እንደሆነ ይታያል። ይህን ለማየት ያሬድ መማር አያስፈልግም። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን፣ እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማስጨነቅ በብዙ ይሻላል።

ደጋኑን በሚመለከት ሦስት ነገር ብቻ አስተምሯት። ከመጫወቷ በፊት፣ በእንጨቱና በጸጉሩ መካከል እርሳስ የሚያልፍበት ክፍተት እስኪኖር ድረስ ታጥብቀው፤ ጨርሳ ስታስቀምጥ ታላላው፤ ጸጉሩን በእጇ አትንካው፣ የቆዳ ቅባት ሙጫውን አያስይዘውምና። ወንድም ካላት የደጋኑን ጸጉር ሊዳብስ እንደሚፈልግ ከወዲሁ ልንገርዎት።

ከዳላስ፣ መስከረም 9

ደስታችሁን ለማደፍረስ ሳይሆን ሌላውን ወገን ለማሳየት ያህል ነው የምጽፈው። ሴት ልጄ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ቼሎ ይዛ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ተወችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪራይ ከፍያለሁ፣ ያን ግዙፍ ሳጥን በመኪናዬ ጀርባ አመላልሻለሁ፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቼሎ አልጭንም ብሎ ነበርና። ያስከፋኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። የሙዚቃው ትምህርት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ከመደበኛው ክፍል ልጆቹን አውጥቶ ነው፤ በእኛ ጊዜ ደግሞ ያ ሰዓት ከሒሳብ ክፍል ጋር ይጋጭ ነበር። ልጅቷን የክፍልፋይ ትምህርት በግማሹ ያመለጣት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ስደተኛ ወላጅ ልጁ በሒሳብ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። እኅታችን ይህን አስቀድማ ብትጠይቅ መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልመሰክር። ልጄ ቼሎ ስትለማመድ አንድም ቀን ክፍሏ ገብቼ አላዳመጥኩም። «ከፍዬልሻለሁ፣ ተማሪ» ነበር የእኔ ድርሻ። ከላይ የጻፉት መምህርት ስለ ማድ ቤቱ በር የተናገሩትን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

በያሬድ የተማረች፣ የአውታር መምህርት፣ መስከረም 9

ወንድሜ ከዳላስ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩም እውነተኛ ነው። ብዙ መምህራን ልጆቹ ከክፍል የሚወጡበትን ሰዓት በየሳምንቱ ያዟዙሩታል፤ አንድ ሳምንት ከንባብ፣ ሌላ ሳምንት ከሳይንስ ሰዓት ላይ ይወስዳሉ፣ ልጁ አንዱን ትምህርት ብቻ ደጋግሞ እንዳይስት። ይህ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ስለዚህ እህቴ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ለሙዚቃ መምህሩ «ልጄ የምትወጣው ከየትኛው ክፍል ላይ ነው፣ ሰዓቱስ ይዟዟራል ወይ?» ብለው ይጻፉለት፤ ለክፍል አስተማሪዋም ያመለጣትን ትምህርት እንዴት እንደምታካክስ ይጠይቋት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስቀይመው መምህር የለም።

ስለ ቼሎ መጓጓዣም የተባለው ልክ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለቼሎና ለቤዝ አንድ መሣሪያ ትምህርት ቤት የሚቀመጥ፣ ሌላውን ቤት የሚቀር አድርገው ይፈቱታል፤ መጠየቅ ግን የወላጅ ፋንታ ነው። ቪዮላ በጀርባ የሚታዘል በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ጠያቂ)፣ መስከረም 14

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመምህሩ ጽፌለት በማግሥቱ መለሰልኝ፤ ሰዓቱ ይዟዟራል፤ በተጨማሪም ሳልጠይቀው፣ ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ የሚያውሳቸው ጥቂት መሣሪያዎች እንዳሉትና ልጃችን የነጻ ምሳ ተጠቃሚ ስለሆነች ማመልከት እንደምንችል ነገረኝ። ቅጹ አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች። ትናንት 12 ኢንች ቪዮላ ይዛ ገባች፤ የቀድሞ ልጆች ጣታቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ ለማመልከት የለጠፏቸው ቀጫጭን ቴፖች አሁንም አሉበት። ለሌሎች ወላጆች የምለው፣ ማንም ሳይነግራችሁ እንደዚህ ያለ ድጋፍ መኖሩን ጠይቁ።

ባለቤቴ ገና አልረካም፤ ነገር ግን ትናንት ማታ ልጅቷ ሳታየው ወፍራሙን አውታር በጣቱ ሲመታው ይዤዋለሁ።

አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ፣ መስከረም 15

ይህን ውይይት ከአዲስ አበባ ሆኜ በቅናት አነባለሁ። እዚህ የእኔ ልጅ የተማረበት ትምህርት ቤት ኦርኬስትራ የለውም፤ ቫዮሊን የሚማረው በግል ቤት ለቤት ከሚያስተምር መምህር ዘንድ ነው። ኪራይ የሚባለውን አላገኘንም፤ 1/2 ቫዮሊን ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነበረብን። አሁን ደግሞ ልጁ አድጎ 3/4 ያስፈልገዋልና ጥበቃው እንደገና ተጀምሯል። እዚያ ያላችሁ የልጆቻችሁ እጅ ሲረዝም የማትፈልጉትን አውታርና ሙጫ ከመጣል ይልቅ ለሚመጣ ሰው ብትሰጡን ደስ ይለናል።

የመሲንቆ ልጅ፣ ሲያትል፣ መስከረም 20

እኔ መምህር አይደለሁም፤ አባቴ ግን መሲንቆ ይጫወት ስለነበር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ወላጆች «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ አናውቀውም» ሲሉ ስሰማ እገረማለሁ። የፈረስ ጭራ በደጋን ላይ ተወጥሮ፣ ሙጫ ተቀብቶ፣ አውታር ላይ ሲሳብ ድምፅ ማውጣቱ ለእኛ መች አዲስ ሆነ? በመሲንቆ አውታሩ ራሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ጣትም አውታሩን ከእንጨት ጋር አያጣብቀውም፣ አየር ላይ ይነካዋል እንጂ። ከዚህ በቀር ልጅቷ የምትማረው የአያቶቿን ሥራ ነው።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት በሚማሩት ጣት ትዝታን መጫወት ይቻላል?

በያሬድ የተማረች፣ የአውታር መምህርት፣ መስከረም 21

በጣም ይቻላል፤ እንዲያውም ቅኝቱ ጀማሪ ከሚማረው የጣት አቀማመጥ ጋር ያለ አንዳች ማስተካከያ ይገጥማል። ትዝታ ሜጀርን ከዲ ጀምረን ብንወስደው ድምፆቹ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ኤፍ)፣ ኤ፣ ቢ ናቸው። በቫዮሊንም በቪዮላም ላይ እንዲህ ይሆናል፦ ባዶ (ጣት ያልነካው) የዲ አውታር፣ በእሱ ላይ አንደኛ ጣት (አመልካቹ)፣ ሁለተኛ ጣት፤ ሦስተኛው ይዘለላል፤ ከዚያ ባዶ የኤ አውታር፣ በእሱ ላይ አንደኛ ጣት፤ ሁለተኛው ይዘለልና ሦስተኛው ጣት ላይኛውን ዲ ይሰጣል። በቴፑ ላይ ከሚታየው ቦታ ውጪ አንድም ጣት አይሄድም። ቼሎ ላይ በዲ አውታር ኢን በአንደኛ፣ ኤፍ ሻርፕን በሦስተኛ ጣት፣ ላይኛውን ዲ ደግሞ በኤ አውታር በአራተኛ ጣት ይይዙታል፤ የተቀረው ያው ነው።

እኔ ይህን ለተማሪዎቼ የማሳየው ኅዳር አካባቢ፣ ጣቶቻቸው ሲደላደሉ ነው። ከዚያ በፊት ግን የደጋኑ ጉዞ ይቅደም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ጠያቂ)፣ ኅዳር 19

አስቸኳይ ጥያቄ ነው። የቤቱ ማሞቂያ ከተከፈተ ወዲህ መቃኛዎቹ እየላሉ አስቸገሩን፤ ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት አውታሮቹ ሁሉ ረግበው፣ አውታሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን እንጨት ወድቆ አገኘነው። ባለቤቴ ጠንካራ ማጣበቂያ ይዞ ቆሟል። ያጣብቀው?

በያሬድ የተማረች፣ የአውታር መምህርት፣ ኅዳር 19

በፍጹም! ማጣበቂያውን ከእጃቸው ይቀበሏቸው። ያ እንጨት፣ በገና ላይ ብርኩማ የምንለው ዓይነት ነው፤ መቼም ቢሆን አይጣበቅም፣ የሚቆመው በአውታሮቹ ጫና ብቻ ነው። በመሣሪያው ሆድ ውስጥም እንዲሁ ያለ ማጣበቂያ የቆመች እንደ እርሳስ ያለች ዘንግ አለች፤ ጣልያኖችና ፈረንሳዮች «ነፍስ» ብለው ይጠሯታል። አውታሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲረግቡ እሷም ልትወድቅ ትችላለች። መሣሪያውን ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ውስጡ የሚንከባለል ነገር ከተሰማ፣ አውታሮቹን አታጥብቁ፤ እንዳለ ለመምህሩ ላኩት። ካልተሰማም መምህሩ ብርኩማውን በአምስት ደቂቃ ያቆመዋል።

መንሥኤው የዚህ አገር ቀዝቃዛ ክረምት ደረቅ አየር ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መቃኛዎቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ይላላሉ። ሳጥኑን ከማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጡት፣ መኪና ውስጥም አታሳድሩት። ድምፁ ትንሽ ሲወርድ ደግሞ ትልልቆቹን መቃኛዎች ሳትነኩ፣ ከታች በኩል ባሉት ትናንሽ ብሎኖች ብቻ አስተካክሉ፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ስልክ ላይ አለ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ጠያቂ)፣ ታኅሣሥ 10

ሰላም ለሁላችሁ። ነፍሷ አልወደቀችም፤ መምህሩ ብርኩማውን አቁሞ መለሰልን። ለጎረቤቶቹም መፍትሔ አግኝተናል፤ ብርኩማው ላይ የሚሰካ የላስቲክ ማፈኛ ገዝተን ማታ ማታ በእሱ ትለማመዳለች፣ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል።

ትናንት የመጀመሪያ ኮንሰርታቸው ነበር። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች በነጭ ሸሚዝ ተሰልፈው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቁራጭ ጣት የማያስፈልገው፣ በባዶ አውታር ብቻ የሚጫወቱት ነበር፤ ያም ሆኖ ግማሾቹ ደጋኖች ወደ ላይ ሲሄዱ ግማሾቹ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ቪዮላዎቹ ሦስት ናቸው። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ሙሉውን ቀረጸው፤ ሲጨርሱ አጠገቡ ለተቀመጠው የማያውቀው ሰው «የመካከለኛዋ የእኔ ናት፣ ቪዮላ ነው የሚባለው፣ ተጫዋቹ ጥቂት ነው» ብሎ ሲያስረዳው ሰማሁ።

ቤት ስንገባ ጎንደር ላሉት እናቴ በቪዲዮ ደወልን። ልጅቷ ከኮንሰርቱ ዜማዎች አንዱን ልትጫወት ነው ብዬ ስጠብቅ ትዝታውን ጀመረች፤ መምህር በጻፉት የጣት ቁጥር መሠረት፣ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፌላት ነበርና። ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ እየደጋገመች፣ ላይኛው ዲ ላይ ደረሰች። እናቴ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡና «አራት አውታር ምን ያደርግላታል? የእኛ ሰው በአንዱ ያስለቅስ የለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ «በይ ባቲን ደግሞ አጫውቺኝ» ብለው አዘዟት። መምህር፣ ይህኛው እንዴት ነው?

በያሬድ የተማረች፣ የአውታር መምህርት፣ ታኅሣሥ 11

ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ባቲ ማይነርን ከዲ ብንጀምረው ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ነው። እዚህ ላይ ኤፍም ሲም ያለ ሻርፕ ስለሆኑ፣ ሁለተኛው ጣት ከቴፑ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ አንደኛው ጣት መጠጋት አለበት። ስለዚህ ባዶ ዲ፣ የተሳበ ሁለተኛ ጣት፣ ሦስተኛ ጣት፤ ባዶ ኤ፣ የተሳበ ሁለተኛ ጣት፤ በመጨረሻም ሦስተኛው ጣት። ብዙ ልጆች ይህን የተሳበ ጣት የሚማሩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አሁን ብታስቸኩሏት ገና የጸናውን የጣቷን ቦታ ያናውጥባታል። ለአያቷ እስከ ፋሲካ እንዲታገሡ ይንገሯቸው፤ እስከዚያ ትዝታውን ቪዮላው ብቻ ባለው በወፍራሙ ሲ አውታር ላይ ትሞክርላቸው። ጣቶቹ ያው ናቸው፤ ባዶ ሲ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ባዶ ጂ።